በር ሥር የሚጠብቀው ውሻ፦ ከሐቺኮ ፊልም በኋላ ለመጣ ጥያቄ የእንስሳት ሐኪም ምላሽ

ጥያቄው፦ «አባቴ ካረፈ አራት ወሩ ነው። ቡቺ የሚባል የዘጠኝ ዓመት ውሻ ነበረው። አባቴ ከሥራ የሚመለሰው አመሻሽ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ስለነበር ቡቺ እስካሁን በዚያ ሰዓት ግቢው በር ሥር ሄዶ ይተኛል፤ እስኪጨልም አይነሳም። ምግቡን ግማሽ ይተወዋል፣ ከስቷል። እናቴ አንጀቷ አልችል እያላት እዚያው በሩ ሥር ሄዳ ሥጋ በእጇ ታጎርሰዋለች። ባለፈው ሳምንት፣ ጌታውን ባቡር ጣቢያ ላይ ሲጠብቅ ስለኖረው ውሻ የተሠራውን ፊልም ቤተሰቡ በሙሉ አይተን ተላቀስን። ከዚያ ወዲህ ታናሽ ወንድሜ ‹አባዬን እየጠበቀ ነው፤ አትንኩት፣ መውጣት ከፈለገም በሩን ከፍተን እንልቀቀው› ይላል። ጓደኛ እንዲሆነውም እንደ ፊልሙ ያለ ውሻ እንግዛለት ባይ ነው። እናቴ ደግሞ ማየቱ ስለከበዳት ለዘመድ እንስጠው ትላለች። ቡቺ አባቴ መሞቱን ያውቃል? እንደ ፊልሙ ውሻ እስኪሞት ሊጠብቅ ነው? ምን እናድርግ?»

ቡቺን በዚህ ሳምንት ውስጥ የእንስሳት ሐኪም ይየው። የዘጠኝ ዓመት ውሻ አራት ወር ሙሉ ምግቡን እየተወ ከከሳ፣ ምክንያቱ ሐዘን ነው ማለት የሚቻለው ሌላው ሁሉ ተመርምሮ ከተጣራ በኋላ ነው። ይህን የማስቀድመው ሐዘኑን ለማሳነስ አይደለም። ያለቀሳችሁለት ውሻ ራሱ ሲሞት ሰውነቱ ውስጥ ምን እንደተገኘ ስለማውቅ ነው።

ውሻው ሐቺኮ ነው። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1923 በሰሜን ጃፓን፣ በአኪታ ግዛት ኦዳቴ አካባቢ ተወለደ። በተከታዩ ዓመት መጀመሪያ ገና ቡችላ ሳለ ወደ ቶኪዮ ተወስዶ በኢምፔሪያል ዩኒቨርሲቲ የግብርና መምህር ለነበሩት ለፕሮፌሰር ሂዴሳቡሮ ኡዌኖ ተሰጠ። ውሻው ፕሮፌሰሩን ሺቡያ ጣቢያ ድረስ ይሸኛቸው፣ ሲመለሱም ይቀበላቸው ነበር። ሜይ 21 ቀን 1925 ሥራ ላይ እንዳሉ አንጎላቸው ውስጥ ደም ፈስሶ ሞቱ። ሐቺኮ ግን እስከ ማርች 8 ቀን 1935፣ ማለትም ከዘጠኝ ዓመት ከዘጠኝ ወር በላይ፣ ባቡር በሚገባበት ሰዓት ጣቢያው እየሄደ ኖረ። ጃፓኖች በ1987 ፊልም ሠሩበት። እናንተ ያያችሁት በ2009 የወጣውንና ሪቻርድ ጊር የተጫወተበትን የአሜሪካውን ሳይሆን አይቀርም። እሱ ታሪኩን ወደ ሮድ አይላንድ ወስዶ ፕሮፌሰሩን የሙዚቃ መምህር አድርጓቸዋል።

ፊልሙ ጥሩ ፊልም ነው፤ እኔም ሳየው አልቅሻለሁ። ነገር ግን በአንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ ሊይዘው ያልቻለው ነገር ለቡቺ ከያዘው ይልቅ ይጠቅማል። ሐቺኮና ኡዌኖ አብረው የኖሩት አሥራ ስድስት ወር ገደማ ብቻ ነው። ጌታው ሲሞቱ ውሻው ገና የአንድ ዓመት ተኩል ጎረምሳ ነበር። ደግሞም ያጣው አንድ ሰው ብቻ አልነበረም። የፕሮፌሰሩ የትዳር አጋር ያዬኮ ጋብቻቸው በሕግ ያልጸና ስለነበር ቤቱ ውስጥ መቆየት አልቻሉም፤ ቤቱ ተበተነ። ሐቺኮ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው፣ ከሌላው ወደ ሦስተኛው ሲዘዋወር ቆይቶ መጨረሻ ላይ የፕሮፌሰሩ አትክልተኛ የነበሩት ሰው ወስደው አኖሩት። እሳቸው ከቡችላነቱ ጀምሮ የሚያውቁት፣ ቤታቸውም ለሺቡያ የሚቀርብ ነበሩ። ስለዚህ በፊልሙ እንደሚታየው በረዶ እየወረደበት ሌት ተቀን ጣቢያው ላይ የተቀመጠ ውሻ አልነበረም። ሰዓቱን ጠብቆ ይሄዳል፣ ጠብቆ ይመለሳል፤ የሚያድርበት ቤትና የሚመግበው ሰው ነበረው። ጣቢያው ላይም ለዓመታት እንደ መንገድ ውሻ ሲገፋና ሲባረር ኖሯል። ሰው በፍቅር ሊያየው የጀመረው በ1932 ታሪኩ በጋዜጣ ከወጣ በኋላ ነው።

በኤፕሪል 1934 የነሐስ ሐውልቱ ሲመረቅ ሐቺኮ ራሱ ቦታው ላይ ተገኝቷል። ከዚያ በኋላ የኖረው አንድ ዓመት እንኳ አይሞላም። ከሞተ በኋላ ሲመረመር ልቡ ውስጥ ትል ተገኘ። ተጠብቀው የቆዩት የውስጥ ክፍሎቹ በ2011 እንደገና ሲታዩ ደግሞ ሳንባውና ልቡ ላይ ካንሰር እንደነበረበት ታወቀ። የመጀመሪያው ሐውልት በጦርነቱ ጊዜ ለብረት ሲባል ቀልጦ በ1948 የቆመው ምትኩ ነው ዛሬ ሺቡያ የሚታየው። የግራ ጆሮውን ልብ ብላችሁ እዩት፤ ወደ ታች ወድቋል። ቀራጩ ጆሮውን እንዲያ ያደረገው ለውበት ብሎ አይደለም። ሐቺኮ ሲያረጅ ጆሮው እንዲያ ስለነበረ ነው። የሐቺኮ ዝርያ አኪታ ይባላል፤ ጤነኛ አኪታ ሁለቱም ጆሮዎቹ ቀጥ ብለው የቆሙ ናቸው። በዚያ የሚያልፍ ሁሉ የሚያየው ታማኝነቱን ነው፤ ጆሮው ግን የታመመና ያረጀ እንስሳ እንደነበረ ይናገራል።

የልብ ትል በትንኝ ንክሻ የሚተላለፍ ነው። ትሉ ልብና የሳንባ ደም ሥር ውስጥ እያደገ ለወራት ምንም ምልክት ላያሳይ ይችላል። ከዚያ ሳል ይመጣል፣ ውሻው ቶሎ ይደክማል፣ ይከሳል፣ መተኛት ያበዛል። ይህን ዝርዝር ሐዘን ላይ ባለ ቤት ውስጥ አስቀምጡትና ሁሉም «ከሐዘኑ ነው» ይባልለታል። የኩላሊት ድካም፣ የጉበት ችግር፣ የመገጣጠሚያ ሕመም፣ ዕጢ፣ የማየትና የመስማት መቀነስ፣ በእርጅና የሚመጣ የአእምሮ መዳከም፣ ሁሉም እንዲሁ ሐዘን መስለው ይታለፋሉ።

አንዲት ሴት ውሻ ወደ እኔ የመጣችው እመቤቷ ከሞቱ ሁለት ወር ካለፈ በኋላ ነበር። ልጆቹ «እሷን ተከትላ ልትሄድ ነው» ብለው ተስፋ ቆርጠዋል። ምግብ አቀረብኩላት። እነሱ እንዳሉኝ አልሸሸችም፤ መጥታ አሸተተች፣ ጎረሰች፣ ከዚያ አንገቷን ወደ ግራ ዘመም አድርጋ የጎረሰችውን መልሳ ጣለችው። ደግማም እንዲሁ አደረገች። ከንፈሯን ገልጬ ሳይ በቀኝ በኩል የላይኛው ትልቁ መንጋጋ ጥርሷ ለሁለት ተሰንጥቋል፤ ድዱን ስጫነው መግል ወጣ። ጥርሱ ተነቅሎላት በሦስተኛው ቀን ሳህኗን ጨርሳ ላሰች። ማታ ማታ ግን የእመቤቷ ጫማ ላይ አገጯን አሳርፋ መተኛቷን አልተወችም። ሐዘኑም እውነት ነበር፣ ጥርሱም እውነት ነበር። ልጆቹ ያዩት አንዱን ብቻ ነው።

ሐኪሙ የቡቺን ክብደት፣ አፉንና ጥርሱን፣ ልቡንና ሳንባውን፣ መገጣጠሚያዎቹን እንዲያይለት፣ የደምና የሽንት ምርመራም እንዲያደርግለት ጠይቁ፤ ትንኝ ባለበት አካባቢ ከሆነ የልብ ትል ምርመራም ይጨመር። ከቀድሞ ክብደቱ ከአሥር እጅ አንዱን አጥቶ ከሆነ ነገሩ ከባድ ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ምንም ካልበላ፣ አንድ ቀን ሙሉ ውሃ ካልጠጣ፣ ካስመለሰው፣ ሆዱ ከተነፋ ወይም ድዱ ከገረጣ ቀጠሮ ሳትጠብቁ በዚያው ቀን ውሰዱት።

አሁን ወደ ጥያቄዎቹ ልመለስ። ቡቺ አባትዎ መሞታቸውን ያውቃል? አለመኖራቸውን በደንብ ያውቃል። ሞት መመለስ የሌለበት ጉዞ መሆኑን ውሻ እንደሚረዳ የሚያሳይ ማስረጃ ግን የለም። ይህ ማለት ግን ስሜቱ ባዶ ነው ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1998 የሃንጋሪ ተመራማሪዎች ሕፃናት ከእናታቸው ጋር ያላቸው ትስስር የሚለካበትን ፈተና በውሾች ላይ ሞከሩት፤ ባዳ ክፍል፣ ባዳ ሰው፣ የባለቤት መውጣትና መመለስ። ውሾቹ ባለቤታቸው ሲኖር ክፍሉን ይመረምራሉ፣ ይጫወታሉ፤ ሲወጣ በሩ ላይ ይቆማሉ፤ ሲመለስ ሮጠው ይቀበላሉ። በ2015 ደግሞ የጃፓን ተመራማሪዎች ውሻና ባለቤቱ ዓይን ለዓይን ሲተያዩ በሁለቱም ሰውነት ውስጥ ኦክሲቶሲን የሚባለው ሆርሞን እንደሚጨምር አሳዩ። እናት ሕፃኗን ስታቅፍ የሚጨምረው ሆርሞን ነው። ስለዚህ ቡቺ ያጣው አጉራሹን ብቻ አይደለም፤ እሳቸው ሲኖሩ ዓለሙ ረጋ የሚልለትን ሰው ነው። በሩ ሥር የሚሄደውም ቃል ስለገባ ሳይሆን ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የቀኑ ምርጥ ደስታ በዚያ በር፣ በዚያ ሰዓት ስለገባለት ነው። ሰዓቱን ከብርሃኑ፣ ከቤቱ ድምፅ፣ ከሆዱ፣ ከጎረቤት ኮቴ ያነበዋል።

ከፊልሙ አንድ ትዕይንት ላንሳ፤ ምናልባት እናንተንም ሌሊት ያስቸገራችሁ ይሆናል። ውሻው ኳስ ተወርውሮለት አምጥቶ አያውቅም፤ ጌታው በሚሞትበት ዕለት ጠዋት ግን ኳሱን በአፉ ይዞ ይመጣል። ይህ የፊልም ሠሪዎቹ ፈጠራ ነው። የሠለጠኑ ውሾች አንዳንድ ሕመሞችን በማሽተት እንደሚለዩ ይታወቃል። ነገር ግን ውሻ የሚመጣውን ሞት አስቀድሞ አውቆ ያስጠነቅቃል የሚለው አልታየም። ቡቺ በዚያ ሰሞን ያደረገውን እያስታወሱ «ምልክት ሰጥቶን ሳናይ ቀረን» የሚል ሰው ቤታችሁ ውስጥ ካለ፣ ያንን ጸጸት ከላዩ አውርዱለት።

እስኪሞት ይጠብቃል ወይ ለሚለው፦ አብዛኞቹ ውሾች አይጠብቁም። ሐቺኮን ስሙን የምናውቀው እንደሱ ያለው ጥቂት ስለሆነ ነው። በጣሊያን ፊዶ የሚባል ውሻ ጌታው በ1943 መጨረሻ በአውሮፕላን ድብደባ ከሞተ በኋላ እስከ 1958 ድረስ የአውቶቡስ ማቆሚያ ላይ ጠብቋል። የሁለቱ ታሪክ የተጻፈው ያልተለመደ በመሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 በጣሊያን ይፋ በሆነ ጥናት፣ ቢያንስ ሁለት ውሾች ኖረዋቸው አንዱ የሞተባቸው 426 ሰዎች ስለቀረው ውሻ ሲጠየቁ አብዛኞቹ መብላቱ፣ መጫወቱ፣ መተኛቱ እንደተለወጠ ተናግረዋል፤ በአንዳንዶቹ ውሾች ለውጡ ከስድስት ወር በላይ ዘልቋል። እሱ ስለ ውሻ ጓደኛ ማጣት ነው፤ ቢሆንም አራት ወር የተለየ ርዝመት አለመሆኑን ያሳያችኋል። ጥናቱ ሌላም ነገር አይቷል፤ ባለቤቱ ይበልጥ ሲያዝን ውሻውም ይበልጥ ተለውጦ ታይቷል። የእናንተ ሐዘን ገና ትኩስ ነው፤ ቡቺም በዚያው ቤት አየር ይተነፍሳል።

እናትዎን በተመለከተ የምናገረው እንዳያሳዝናቸው እፈራለሁ፤ ግን ዝም ብዬ ባልፍ ለቡቺ አይሆንም። በሩ ሥር ሄዶ ማጉረሱ በሩ ሥር መተኛቱን ያጸናዋል። ውሻ የሚደጋግመው ጥሩ ነገር የተከተለበትን ነው። በሳህኑ ያለውን ሲተው ከእጅ ሥጋ የሚመጣ ከሆነ ሳህኑን መተው ይማራል። በሩ ሥር ሲተኛ የሚወዳቸው ሰው መጥተው የሚዳብሱት ከሆነ ደግሞ ወደ በሩ የሚሄድበት አንድ ሌላ ምክንያት ይጨመርለታል። ሐቺኮ ሲሞት ሆዱ ውስጥ አራት የዶሮ ጥብስ የሚሰካባቸው የእንጨት ስንጥሮች ተገኝተዋል፤ ለሞቱ ምክንያት ባይሆኑም። ይህን ይዘው «ድሮም የሚመጣው ለጥብስ ነው» የሚሉ ሰዎች አሉ። ስህተት ነው፤ ዝነኛ ሆኖ ሰው ሁሉ ሊያጎርሰው ከመሻማቱ በፊት ሰባት ዓመት እየተገፋም ሲመጣ ኖሯል። ያም ሆኖ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ጥብሱ እግሩን አላጸናውም ማለት አይቻልም። ፍቅርና ልማድ በአንድ ውሻ ውስጥ አብረው ይኖራሉ። እኛ መንካት የምንችለው ልማዱን ነው።

ወንድምዎ «በሩን ከፍተን እንልቀቀው» ያለው ከየት እንደመጣ ገብቶኛል። የሟቹ ልጅ ውሻውን ቤቷ ከወሰደችው በኋላ መሄድ መፈለጉን አይታ በሩን ከፍታ የምትለቅበት ትዕይንት ነው። በፊልሙ ውስጥ እጅግ ያማረ ነው፤ ከፊልሙ ውጭ ግን አታድርጉት። ለብቻው መንገድ ለወጣ የዘጠኝ ዓመት ውሻ መኪና አለ፣ ተናካሽ ውሻ አለ፣ መርዝ አለ፣ የእብድ ውሻ በሽታ አለ። ቡቺ የሚጠብቀው ከግቢው በር ውጭ የለም። «አትንኩት» የሚለውንም አልቀበልም። አለመንካት ለሚጠብቅ ውሻ አክብሮት ይመስላል፤ ውጤቱ ግን ብቻውን መተው ነው። አባትዎ ቢያዩት በሩ ሥር ሲከሳ ዝም የሚሉ ሰው አይመስሉኝም።

ለዘመድ መስጠትስ? አሁን አይሆንም። ሐቺኮ ከቤት ቤት ሲዘዋወር እያመለጠ የተመለሰው ወደሚያውቀው ሠፈርና ወደሚያውቀው ጣቢያ ነበር። ቡቺ ካጣው ሰው በላይ ቤቱን፣ ሽታውን፣ እናንተንም ቢያጣ ሐዘኑ ይደረባል እንጂ አይቀልም። መስጠት የሚመጣው ቤት ውስጥ በቂ ጊዜ የሚሰጠው ሰው በፍጹም ከሌለ ብቻ ነው። ያኔም ቀድሞ የሚያውቀው ሰው ይሁን፤ ከነመኝታውና ከነሳህኑ ይሂድ፤ እናንተም ከመውሰዱ በፊት ደጋግማችሁ አብራችሁ ጎብኙ። ለሙከራ ሰጥቶ መመለስ፣ ደግሞ ለሌላ መስጠት ከሁሉ የከፋው ነው። ቡቺ ሌላ ሰው ይወዳል ወይ ብለው እንዳይጨነቁ፤ በ2001 እነዚያው የሃንጋሪ ተመራማሪዎች በመጠለያ የሚኖሩ ትልልቅ ውሾች ከአንድ አዲስ ሰው ጋር አሥር አሥር ደቂቃ ሦስት ጊዜ ብቻ ተገናኝተው የትስስር ምልክት ማሳየት እንደጀመሩ አይተዋል። የውሻ ልብ ለሁለተኛ ሰው ቦታ አለው፤ ይህም ለአባትዎ የነበረውን አይቀንስም።

አዲስ ውሻ አትግዙ፤ አኪታ ደግሞ በተለይ አይሆንም። ምግብ የሚተው፣ ምናልባትም የታመመ ሽማግሌ ውሻ ላይ ቡችላ ማምጣት መብላቱንና ዕረፍቱን መሻማት ነው። አኪታ ትልቅና ኃይለኛ ውሻ ነው፤ ለባዳ ሰው ቁጥብ፣ ለሌላ ውሻ፣ በተለይም በጾታ ለሚመስለው፣ ትዕግሥት የሌለው በመሆኑ ይታወቃል። ልምድ ያለው እጅና ከቡችላነት የሚጀምር ሥልጠና ይፈልጋል። ደግሞም ታማኝነት የአንድ ዝርያ ሀብት አይደለም። ቡቺ ራሱ በር ሥር ሆኖ ይህን እየነገራችሁ ነው።

አሁን ወደ ሥራው። ከቤቱ አንድ ሰው ዋና ተንከባካቢ ይሁን፤ እኔ ብመርጥ ወንድምዎን እመርጥ ነበር፤ ስለ ቡቺ ይህን ያህል የሚሰማው እሱ ነውና። ምግቡን የሚሰጠው፣ የሚያንሸራሽረው፣ የሚያበጥረው እሱ ይሁን፤ ሌሎቻችሁ ትዳብሱታላችሁ፣ ታጫውቱታላችሁ። ምግቡ በቀን ሁለት ጊዜ፣ በተወሰነ ሰዓት፣ ከበሩ ራቅ ባለ ቦታ ይቅረብ። ሽታው እንዲነሳ በትንሹ ሞቅ አድርጉት። ከሃያ ደቂቃ በኋላ የተረፈውን አንሱት፤ እስከሚቀጥለው ሰዓት ሌላ አይቅመስ። ይህ የሚጀመረው ግን ሐኪሙ ጤነኛ ነው ካለ በኋላ ነው፤ ጥርሱ የታመመ ውሻ ላይ ሳህን ማንሳት ጭካኔ ነው። ሐዘኑን ለማስረሳት ብላችሁ ቸኮሌት፣ ወይን ዘለላ፣ ዘቢብ፣ ሽንኩርት የገባበት ወጥ ወይም የተቀቀለ አጥንት አትስጡት፤ የመጀመሪያዎቹ ይመርዙታል፣ አጥንቱ ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል።

11 ሰዓት ተኩልን በተመለከተ ከበሩ እየጎተታችሁ አታንሱት፣ አትቆጡት። ቀድማችሁ ድረሱበት። 11 ሰዓት ላይ፣ ገና ከመነሳቱ በፊት፣ ወንድምዎ ማሰሪያውን ይዞ ይጥራው። እንዲወጣ የሚያደርጉት አባትዎ ይገቡበት ባልነበረ አቅጣጫ ይሁን፤ በር አንድ ብቻ ከሆነ ቆም ሳይል በፍጥነት ይለፉ። መሮጥ አያስፈልግም፤ ውሻን የሚያድሰው እግሩ ሳይሆን አፍንጫው ነው። ግንብ ሥር፣ ሣር ላይ፣ የሌላ ውሻ ሽንት ላይ እስኪጠግብ ያሽትት፤ አትቸኩሉበት። 12 ሰዓት ከሩብ ገደማ ይመለሱና ወዲያው የማታ ምግቡን ያቅርብለት። በዚያ ሰዓት የሚጠብቀው ሌላ ነገር ይኖረዋል። መጀመሪያ ሳምንት መንገድ ላይ ቆሞ ወደ ኋላ ሊያይ ይችላል። ቁሙለት፤ ሲጨርስ ቀጥሉ።

የአባትዎን አንድ ጃኬት ሳታጥቡ መኝታው ላይ አንጥፉለት። ብዙ ውሾች በዚህ ይረጋጋሉ። ነገር ግን ጃኬቱን ይዞ የሚያጉረመርም፣ ሰው የሚከለክል ወይም ከሱ ላይ አልነሳም የሚል ከሆነ ቀስ ብላችሁ አንሱት። ፊልሙንም ሆነ የአባትዎን ድምፅ በስልክ ከፍታችሁ አታሰሙት፤ የሟች ጌታውን ድምፅ ሰምቶ ቤቱን ሙሉ የሚፈልግ ውሻ አይቼ አውቃለሁ፤ አይበጀውም።

መድኃኒት አለ። በጭንቀት የሚሠቃዩ ውሾች በሐኪም ትእዛዝ የሚወስዱት፣ ለመሥራትም ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት የሚፈጅ። በቡቺ ዓይነቱ ጉዳይ የሚታሰበው ምርመራው ንጹሕ ሆኖ፣ ይህ ሁሉ ተሞክሮ፣ ውሻው አሁንም ካልተነሳ ነው። ከቤት መድኃኒት ሣጥን ምንም አይሰጠው። አይቡፕሮፌን፣ ፓራሲታሞል፣ የሰው የእንቅልፍ መድኃኒት ውሻን ሊገድሉ ይችላሉ።

ምን መጠበቅ እንዳለባችሁም ልንገራችሁ። በስድስት ሳምንት ውስጥ ሳህኑን እየጨረሰ፣ ክብደቱ እየተመለሰ፣ ማሰሪያውን ሲያይ ጭራውን እየቆላ ከሆነ መንገዱን ይዟል። ክብደቱን በየሳምንቱ በአንድ ቀን እየመዘናችሁ ጻፉት፤ ዓይን ይሸነግላል። ያኔም ቢሆን አንዳንድ ቀን 11 ሰዓት ተኩል ሲሆን አንገቱን ቀና አድርጎ ወደ በሩ ያይ ይሆናል፤ ምናልባትም ዕድሜውን ሙሉ። የሚበላ፣ የሚተኛ፣ የሚጫወት ውሻ በሩን ማየቱ ሕመም አይደለም፤ ያንን ልታጠፉበት አትሞክሩ፣ እኔም መድኃኒት የለኝም። በስድስት ሳምንት ለውጥ ከሌለ ግን የጻፋችሁትን ክብደት ይዛችሁ ወደ ሐኪሙ ተመለሱ።